ተሳድቧል ተብሎ የተከሰሰው

በጎጃም የቁይ ሰው ለፍርድ ቤት ጉዳይም ለሕክምናም ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ትባል እንደነበረና የአሁን ስሟን ከወንጌላዊው ቤተ ክርስቲያን እንዳገኘች የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። ስሙን በየቀኑ የምንጠራው ይህ ማርቆስ ግን ምን ጻፈ? ገና በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ቅፍርናሆም ውስጥ፣ ለሽባው የኃጢአት ስርየት የሰጠውን ሰው ተቀምጠው የሚያዩ ጸሐፍት በልባቸው ተሳዳቢ ይሉታል። ታሪኩ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ በአሥራ አራተኛው ምዕራፍ፣ ሊቀ ካህናቱ ልብሱን ቀድዶ ያንኑ ቃል በሸንጎ ፊት ይናገራል፤ ሸንጎውም ሞት ይገባዋል ብሎ ይፈርዳል። መጀመሪያ ላይ በጥቂት ሰዎች ልብ የታሰበው መጨረሻ ላይ የአደባባይ ፍርድ ሆነ። የማርቆስ ወንጌል በሁለት የስድብ ክሶች መካከል የተጻፈ መጽሐፍ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም በጴንጤናዊ ጲላጦስ ዘመን መሰቀሉን እንመሰክራለን። የሊቀ ካህናቱ የቀያፋ ስም እዚያ የለም። ጲላጦስ የሮም ሹም ነው፤ በእርሱ ፊት የቀረበው ክስ፣ ንጉሥ ነኝ ብሏል የሚል የመንግሥት ክስ ነበር። ከዚያ በፊት ሌሊቱን የተሰጠው ፍርድ ግን የሃይማኖት ፍርድ ነው። የፈረዱትም የሚጾሙ፣ የሚጸልዩ፣ ሕጉን በቃላቸው የያዙ ሰዎች ናቸው። ባዕዱን ገዢ ብቻ እያስታወስን ስንኖር ይህ ነገር ከልባችን ይርቃል። ይባስ ብለን ከሳሾቹን «አይሁድ» እንልና ነገሩን ወደ ሩቅ አገርና ወደ ሌላ ሕዝብ እንገፋዋለን። ኢየሱስም አይሁዳዊ ነው፤ እናቱም፣ ደቀ መዛሙርቱም፣ ያለቀሱለት ሴቶችም። ከሳሾቹን ከሌላው የሚለያቸው የመቅደሱ ጠባቂዎችና የሃይማኖቱ ተቆርቋሪዎች መሆናቸው ነው። በየትኛውም ደብራችን ዓውደ ምሕረት ላይ ቆመው ሊያስተምሩ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ።

ክሱን ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ ያስቀመጠው ዮሐንስ ነው፣ በአሥረኛው ምዕራፍ። ጊዜው የመቅደስ መታደስ በዓል ነው፤ የኢየሩሳሌም ክረምት፣ የታኅሣሥ ብርድና ዝናብ። ኢየሱስ በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ሳለ ከበቡት። እርሱና አብ አንድ መሆናቸውን ሲናገር ድንጋይ አነሡ። ካሳያቸው መልካም ሥራ ስለ የትኛው እንደሚወግሩት ጠየቃቸው። እነርሱም ነገሩ የሥራ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ሰው ሆኖ ሳለ ራሱን አምላክ ማድረጉ ስድብ እንደሆነ መለሱለት። ይህ ቁጥር 33 ነው፤ ሐሳቤ ሁሉ የሚዞረውም በእርሱ ላይ ነው።

የበዓሉን ታሪክ ያላወቀ ሰው ከሳሾቹን በቀላሉ ይንቃቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት ገደማ የሶርያ ንጉሥ አንጥያኮስ የኢየሩሳሌምን መቅደስ አረከሰ፣ የጣዖት መሥዋዕት አቆመበት፣ ሕጉን የጠበቁትን ገደለ። ይህ ንጉሥ ለራሱ የመረጠው የክብር ስም «የተገለጠ አምላክ» የሚል ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ መቅደሱ ነጽቶ ታደሰ፤ በዓሉም የዚያ መታሰቢያ ሆነ። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያሉት መጻሕፍተ መቃብያን የሚተርኩት ከዚህ የተለየ ነው፤ ሆኖም ጣዖት ወዳዱ ጺሩጻይዳን አልታዘዝ ያሉትን ወንድማማቾች እንዴት እንደፈጀ የሰማ ሰው የነገሩን ስሜት አያጣውም። እንግዲህ አያቶቹ ራሱን አምላክ ባለ ሰው እጅ ያለቁበት ሕዝብ፣ ያንኑ መከራ በሚያስብበት በዓል ላይ፣ ከናዝሬት የመጣ አንድ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር አንድ ነኝ ሲል ሰማ። ኦሪት ዘሌዋውያንም በ24ኛው ምዕራፍ የእግዚአብሔርን ስም የሰደበ እንዲወገር ያዛል። ድንጋዩን ያነሡት በዘፈቀደ አይደለም። ታሪካቸውም ሕጋቸውም እጃቸውን ይገፋው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልመስክርላቸው፦ የሰሙትን በትክክል ሰምተዋል። ዛሬ ኢየሱስን ደግ መምህር ብቻ ለማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች፣ እርሱ ስለ ራሱ ይህን ያህል አልተናገረም፣ ተከታዮቹ ናቸው ኋላ ያገነኑት ይላሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ የድንጋይ ያዦቹን ጆሮ አምናለሁ። ለደግ መምህር ማንም ድንጋይ አያነሣም። የተናገረው ከባድ መሆኑን ስለተረዱ፣ ወይ መስገድ ወይ መውገር እንጂ መካከለኛ መንገድ እንደሌለ ታያቸው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ አርዮስን ያወገዙት አባቶች የጸኑበት ቃልም ያው በሰሎሞን መመላለሻ የተሰማው ቃል ነው። አንዱ ሰምቶ ድንጋይ አነሣ፣ ሌላው ሰምቶ ሰገደ፤ የሰሙት ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ መልሱ። ኢየሱስ የተናገረውን አላጠፈም። እሳት ከሰማይ አላወረደም። አምላክን መሳደብ ኃጢአት አይደለምም አላለም። መዝሙረ ዳዊትን ጠቀሰ፤ በሕጋችሁ እግዚአብሔር ሰዎችን አማልክት ብሎ ጠርቶ የለም ወይ፣ መጽሐፉስ ሊሻር ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። የጠቀሰው መዝሙር በእኛ ዳዊት 81ኛው ነው። ዳዊት የሚደግም የጎጃም ገበሬ ይህን መዝሙር በየሳምንቱ ያገኘዋል፤ የሐሙስ ድርሻ የሚጀምረው በእርሱ ነውና። ጌታ ሌሊት በቀያፋ ፊት ለመቆም የተያዘበት ቀንም ሐሙስ ማታ ነው፤ ዳዊቱን ለዕለታት ያከፋፈሉት አባቶች ይህን አስበውት እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። መዝሙሩ የሚናገረው ስለ ዳኞች ነው። እግዚአብሔር በዳኞች መካከል ይቆምና እስከ መቼ በአድልዎ ትፈርዳላችሁ ይላቸዋል፤ ለድሃውና ለሙት ልጁ ፍረዱ ይላቸዋል፤ የአማልክት ስም የሰጣቸው ቢሆንም እንደ ሰው እንደሚሞቱ ይነግራቸዋል። ከመዝሙሩ ሁሉ ይህን መምረጡ የሚያስደነግጥ ነው። ተከሳሹ ራሱን ለመከላከል የጠቀሰው ክፍል፣ በዳኞች ላይ የተሰጠ ፍርድ ሆኖ ተገኘ።

ክርክሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚሄድ ነው። ቃሉ የመጣላቸው ሟች ዳኞች እንኳ በዚያ ስም ከተጠሩ፣ አብ ቀድሶ ወደ ዓለም የላከው የእግዚአብሔር ልጅ ነኝ ቢል ስለምን ተሳዳቢ ይባላል? አንዳንዶች ይህን እንደ ማፈግፈግ ያነቡታል፤ እኔም እንደ እናንተ ፍጡር ነኝ፣ ስሙ የሹመት ስም ነው እንዳለ። የምዕራፉ ፍጻሜ ግን ይህን አያስብልም። አብ በእርሱ፣ እርሱም በአብ እንደሆነ ደግሞ ይናገራል፤ ሰሚዎቹም እንደገና ሊይዙት ይነሣሉ። አፈግፍጎ ቢሆን ኖሮ ይተዉት ነበር።

በአገራችን ዱላ የተሰነዘረበት ሰው፣ ወይም መንገድ አላፊው እንኳ፣ «በሕግ አምላክ!» ሲል ዱላው ይቆም ነበር። ሕጉ እስኪናገር ድረስ ማንም እጁን አያነሣም። ኢየሱስ በዚያ በዓል ያደረገው ይኸው ይመስለኛል። ልብ ብሎ ለሚያነብ ደግሞ አንድ ለውጥ አለ፦ በቁጥር 31 ድንጋይ ያነሡት ሰዎች በቁጥር 39 የሚፈልጉት ሊይዙት ነው። ድንጋዩ ዳግም አልተጠቀሰም። ቁጣቸው ባይበርድም፣ ነገሩ ከውግራት ወደ ሸንጎ ወረደ። ሕጉ ሲጠራ ይህን ያህል ሠራ።

ይህ ጥሪ በአገራችን ሁልጊዜ አልተሰማም። በአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቻቸው ከሥላሴ በቀር ለፍጡር አንሰግድም በማለታቸው፣ ማርያምን ሰደቡ፣ መስቀሉን ናቁ ተብለው ተከሰሱ። እነርሱ በበኩላቸው ለእመቤታችን ያላቸውን ክብር ይናገሩ ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ምላሳቸውንና አፍንጫቸውን አስቆረጠ፤ ያስወገራቸውም ነበሩ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ከውግራቱ በኋላ ብርሃን ከሰማይ እንደታየ፣ የደብረ ብርሃንም ስም ከዚያ እንደመጣ ይተርካል። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር ለፍርዱ የሰጠው ምስክር አድርጎ ወሰደው። የተወገሩት ወገኖች ያቆዩት ታሪክ ሌላ ነው፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1996 ዓ.ም. ለአንባቢ ሲያቀርቡት «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» አሉት። ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅለትም።

ወደ ጎጃም ልመለስ። ቁይ ያለችበት ደባይ ጥላትግን፣ የጮቄ ደጋ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ሞጣና ደብረ ወርቅ ያለው አገር፣ ኢየሱስ ለከሳሾቹ በሰጠው መልስ ውስጥ አንዲቱን ሐረግ ከማንም በተለየ ጆሮ ይሰማታል። አብ ቀደሰው ማለት ምን ማለት ነው? ቃል ሥጋ ሲሆን፣ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በምንድን ነው? ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት አውጆ አገሩ ደም ከተፋሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ሲለቅ፣ ከኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናውያን ጋር በተደረገው ክርክር የጋለው ጥያቄ አብሯቸው ከአገር አልወጣም። ቅባቶች አብ ቀቢ፣ ወልድ ተቀቢ፣ መንፈስ ቅዱስ ቅብዕ ነው፤ ሥጋ የባሕርይ ልጅ የሆነው በዚህ ቅብዐት ነው አሉ። ተዋሕዶዎች፣ ባላንጣዎቻቸው ካራ የሚሏቸው፣ ተዋሕዶው ራሱ ይበቃል፣ ቅብዐት የተባለውም ያው ተዋሕዶ ነው አሉ። ጸጋዎች ደግሞ በቅብዐት የጸጋ ልጅ ሆነ ብለው ሦስተኛ ልደት ቆጠሩ። ጎጃም በአመዛኙ በቅባት ጸና።

እኔ የተዋሕዶን መልስ እቀበላለሁ። እርሱና አብ አንድ ከሆኑ፣ ቃል ከሥጋ ጋር ከተዋሐደ በኋላ የሚጨመር ነገር መፈለግ ያንን አንድነት የሚያላላ ይመስለኛል። ግን የቅባቱ ሊቅ ምን እንደሚያስጨንቀው አይቼ ማለፍ አልችልም፦ መንፈስ ቅዱስ በልጁ ሥራ ውስጥ ስፍራ እንዳያጣ ይጨነቃል። ይህ የአምልኮ ጭንቀት ነው። ተሳስቷል ልለው እችላለሁ። ሰድቧል ልለው አልችልም።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውን ተሳስተሃል ስለው እንድንነጋገር እጋብዘዋለሁ፤ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ምስክር ይጠራል፣ አንድም እየተባለ ትርጓሜ ይወርዳል፤ ምናልባትም የተሳሳትሁት እኔ ሆኜ ልገኝ እችላለሁ። ሰድበሃል ስለው ግን ስለ ነገሩ መናገሬን ትቼ ስለ ልቡ ፈርጃለሁ። ስሕተት የዕውቀት ነው፤ ስድብ የፈቃድ ነው። ስሕተት ይመረመራል፤ ስድብ ይቀጣል። የሰሎሞን መመላለሻ ሰዎች ኢየሱስን፣ የምትለው እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን ብለው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር፤ እርሱም ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ክሱ ስድብ ከሆነ በኋላ ግን መመርመሩ ራሱ የስድቡ ተባባሪነት መሰለ። እውነቱ ፊታቸው ቆሞ ሳለ እንዳያዩት ያደረጋቸው ክፋት ብቻ አይመስለኝም። የመረጡት የክስ ዓይነት በሩን ዘግቶባቸዋል።

የእኛም ጉባኤዎች ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ዐፄ ቴዎፍሎስ (1700–1704 ዓ.ም.) ጎጃምን ወደ ራሱ ለማቅረብ ወደ ቅባት አዘነበለ። በዐፄ ዳዊት ዘመን (1708–1713 ዓ.ም.) ጎንደር ላይ የተነገረውን የቅባት ውሳኔ አንቀበልም ያሉ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት በወታደር ታረዱ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ፣ ምኒልክ ባሉበት፣ ጉባኤውን በተዋሕዶ ዘጉት፤ እምቢ ካሉት ውስጥ ምላሳቸው የተቆረጠ ነበሩ። በጎንደር የተገደለው ተዋሕዶ ነው፣ በቦሩ ሜዳ የተቆረጠው የባላንጣው ምላስ ነው፤ ዙፋኑ ወደ ማን እንዳዘነበለ ካልሆነ በቀር ልዩነት አይታየኝም። ለስድብ ክስ የቀረበው የመጀመሪያው ክርስቲያናዊ መልስ መጽሐፍ ጠቅሶ መናገር ነበር። መናገሪያውን የሚቆርጥ ፍርድ ይህን መልስ ማንም ዳግም እንዳይሰጥ የሚያደርግ ነው።

በክሱ ጀርባ ሌላ ነገር መኖሩንም መጽሐፍ አልደበቀም። የኢይዝራኤሉ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም ስላለ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በከተማው ጾም አሳወጀች፤ ሁለት ሐሰተኛ ምስክሮች ተነሥተው እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል አሉ፤ ተወገረ፤ ንጉሡ አክዓብም የወይን ቦታውን ሊወርስ ወረደ። ጎጃም ስለ ርስት የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። በየጉባኤው ዘመን የሃይማኖት ወገንና የጉልት ወገን አንድ ላይ ይሄዱ እንደነበር የታወቀ ነው። ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ጾም ነው። ሕዝቡ ከልቡ ጾሞ ሊሆን ይችላል። ምስክሮቹ ሐሰተኛ መሆናቸውን የጿሚው ሕዝብ አላወቀም፤ ለእግዚአብሔር ክብር የቆመ መስሎት ድንጋይ ወረወረ።

የዛሬው የአገራችን ሕግ ነገሩን በጣም አውርዶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 816 በአደባባይ በሃይማኖት ላይ የሚያፌዝን፣ አምላክን የሚሳደብን ወይም የሌላውን እምነት በከባድ ሁኔታ የሚነካን ሰው በመቀጮ ወይም ከአንድ ወር በማይበልጥ እስራት ይቀጣል፤ ስፍራውም ከደንብ መተላለፎች ጋር ነው። መንግሥት የጎረቤታሞችን ሰላም መጠበቁን አልቃወምም። የአማኝ ልብ በከንቱ እንዲቆስል የሚፈቅድ አገር ደግ አገር አይደለም። ነገር ግን በዚህ ክስ የሚጠበቀው የእኛ ስሜትና ሰላም መሆኑን አንርሳ። የእግዚአብሔር ጠበቃ ነን የምንል ከሆነ፣ በወንጌሉ ውስጥ የእርሱ ልጅ የቆመው በተከሳሽ ሳጥን መሆኑን ማስታወስ አለብን። ስለ ራሱ ስድብም አልተበቀለም፤ በሰው ልጅ ላይ የተነገረ ቃል እንደሚሰረይ በማቴዎስ ወንጌል ተናግሯል።

በመንፈስ ቅዱስ ላይ የሚነገረው፣ የማይሰረየው ስድብስ? በማርቆስ ሦስተኛው ምዕራፍ ያለውን ቃል እየፈሩ እንቅልፍ የሚያጡ ደጋግ ሰዎች አሉ። ሳይፈልጉት ክፉ ሐሳብ ይመጣባቸዋል፤ «አባቴ፣ ጠፍቻለሁ» ብለው ወደ ነፍስ አባታቸው ይሮጣሉ። ቃሉ ለማን እንደተነገረ ማየት ይጠቅማቸዋል። ከኢየሩሳሌም የወረዱ ጸሐፍት፣ አጋንንትን የሚያወጣው በብዔል ዜቡል ነው አሉ፤ ማርቆስም ያን ያስባለው ይህ አነጋገራቸው መሆኑን ጨምሮ ይነግረናል። ማስጠንቀቂያው የደረሰው የዳነውን ሰው እያዩ መዳኑን የሰይጣን ሥራ ላሉት፣ ለከሳሾቹ ነው። እንዲህ የፈራ ሰው በዚያ ቃል ውስጥ የለም። ሌላውን ለማውገዝ ሲል ግልጥ የሆነውን በጎ ሥራ ክፉ ብሎ የሚጠራ ግን በዚያ ቃል ደጅ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ዛሬ በቁይ ገበያ ወይም በአንድ ደብር ቅጥር ግቢ «እገሌ ቅባት ነው»፣ «እገሌ ተሐድሶ ነው» ሲባል ምን ይደረግ? ቃሉ ቀላል ወሬ አይደለም፤ የሰውን ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር የሚነካ ነው። ሃይማኖት ምንም አይደለም፣ ሁሉም አንድ ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም። ኢየሱስ ሞት እያየ ስለ ራሱ የተናገረውን አንዲት ቃል አልቀነሰም፤ እምነት ግድ የማይሰጠው ሰው እንዲህ አያደርግም። ለከሳሾቹ የሰጣቸው መንገድ ግን አለ፤ እኔን ባታምኑ ሥራውን እዩና እመኑ አላቸው። ለመመርመር በቂ ነገር ሰጣቸው። በጠቀሰው መዝሙር ደግሞ የዳኛ መለኪያ ተጽፏል፦ ድሃውና የሙት ልጁ። ተጠርጣሪው ይጠራ፣ በጓሮ ሳይሆን በሊቃውንት ፊት ይቀመጥ፣ መጽሐፉን ራሱ ይግለጥ፣ እስኪጨርስ ይሰማ። ዲማና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ ጉባኤ ቤቶች ያሉበት አገር ለዚህ የሚሆን ሊቅ አያጣም። ከሳሹም ይጠየቅ፦ ክሱ ስሕተት ነው ወይስ ስድብ? ስድብ ካለ ልቡን በምን አየህ? ከሰውየው ጋር የእርሻ ድንበር፣ የደብር አስተዳደር፣ የውርስ ጠብ አለህ ወይ? ይህን ሁሉ አልፎ ተሳስቷል ከተባለም ትምህርት አለ፣ ቀኖና አለ፣ ጊዜ አለ።

ኢየሱስ ከእጃቸው ወጥቶ ዮርዳኖስን ተሻገረ፣ ዮሐንስ መጀመሪያ ያጠምቅበት ወደነበረው ስፍራ። ብዙ ሰዎች ወደዚያ ሄዱ። ዮሐንስ ራሱ አንድም ተአምር እንዳላደረገ፣ ስለዚህ ሰው የነገራቸው ግን ሁሉ ልክ እንደነበር እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ የሰሙትን ካዩት ጋር አስተያይተውም እዚያው አመኑበት።